አውርድ ባይ ያጣ ድንጋይ

ሻይ ሻጭን በበጀት ምን አገባት ትሉ ይሆናል፤ አልቀየማችሁም። እኔም ያኔ የምለው እንደዚያ ነበር። በጀት ማለት ጀላቢያቸውን ተኩሰው በለበሱ ሰዎች መካከል የሚደረግ፣ እኛ ዘንድ የማይደርስ ጭቅጭቅ ይመስለኝ ነበር። ወይ አለማወቅ! ያ የሁለት ቀን ጭቅጭቅ ቤቴን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከድንበሩ ወዲህ፣ ግማሹን ከድንበሩ ወዲያ አስቀመጠው። እስኪ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ።

በላይነሽ እባላለሁ። የምኖረው ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወደ መተማ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዷ ነው። የከተማዋን ስም ልተወው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግማሾቹ እስከ ዛሬ ከእኔ ሻይ ይጠጣሉ። አገሬ የመተማ ቆላ ነው። ከእናቴ ጋር የተሻገርሁት ገና ልጅ ሆኜ ስለሆነ ዐረብኛው እንደ አማርኛው ነው ከአፌ የሚወጣው። ባሌ ታከለ ግን ጎልማሳ ሆኖ ነው የመጣው። እንደ ብዙው የጎንደር ሰው ሰሊጥ ሊያጭድ ለአንድ ወቅት መጥቶ፣ እኔን አይቶ ቀረ፤ አንዲት ሴት ልጅ አለችን። የእሱ ዐረብኛ ከገበያ አልፎ አይሄድም።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሐፊር አለ፤ የክረምቱን ዝናብ የሚያጠራቅም ትልቅ የተቆፈረ ኩሬ ነው። ከተማው በጋውን የሚጠጣው ከዚያ ነው። ውኃውን በሞተር እየገፉ ወደ ታንከሩ የሚያወጡት፣ ደለሉን የሚጠርጉት፣ ከብት እንዳይገባበት የሚጠብቁት አስር የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ለማለት ይቻላል ሐበሾች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም። የሁሉ አለቃ ባይሆኑም የሁሉ አባት አያ ፈንታ ነበሩ። በድርቁ ዘመን የተሰደዱ፣ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ታከለ ሞተሩ ላይ ነበር የሚሠራው።

ለታከለ ያ ሥራ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው የሚል መታወቂያ አሰጥቶታል። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ከመንገድ እየለቀመ ወደ ድንበር በሚጭንበት ጊዜ፣ ታከለ ያችን ካርድ ከደረት ኪሱ መዘዝ ሲያደርጋት «ተፈዱል፣ እለፍ» ይባላል። ሥራው ከሄደ ካርዷ ትሄዳለች፣ ካርዷ ከሄደች ታከለ ይሄዳል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ለእኔ በጀት ማለት እሷ ናት።

ደቡቡ ተገንጥሎ ነዳጁን ይዞት ከሄደ በኋላ ኑሮው ተበላሸ። ዳቦው አነሰ፣ ስኳሩ ተወደደ። ሁልጊዜ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልጨመርሽ ብለው የሚቆጡኝ ነጋዴዎች አንዱን ብርጭቆ ለሁለት መጠጣት ጀመሩ። በኻርቱም ደግሞ ነዳጅ ተወደደ ብሎ ወጣቱ ድንጋይ እየወረወረ መንገድ ወጥቷል ተባለ። የእኛ ከተማ ፖሊስም ከዚያ ወዲህ በጥላው ይደነግጥ ነበር።

ሻይ የምሸጠው በመጅሊሱ ማለትም በአካባቢው ምክር ቤት በር፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ነው። ለመጅሊሱ ሻይ የሚያፈላ አንድ ሽማግሌ ነበር። ወጪ ይቀነስ ሲባል መጀመሪያ የተቀነሰው እሱ ሆነ። ጉድ በል ጎንደር! ሽማግሌውን አባርረው ሻዩን ግን አልተዉትም። የበጀቱ ስብሰባ የተጀመረ ዕለት ዘበኛው ወጣና «ያ ሲት ሻይ፣ አንቺ ባለሻይ፣ ግቢና አቅርቢ» አለኝ።

«ማን ይከፍለኛል?»

«አላህ።»

«አላህስ ይከፍለኛል፤ ስኳር ሻጩ ግን እሱን እስኪጠብቅ አይቆይም» ብዬው ገባሁ።

አዳራሹ ውስጥ በደንብ የማውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ዑስታዝ ባቢክር። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ግማሹን መጅሊስ ፊደል ያስቆጠረ። ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል የበዛበት ሻይ እኔ ዘንድ ይጠጣል። «ልጄ» ነው የሚለኝ፤ እኔም አባቴን ስላላወቅሁት ቃሉ ደስ ይለኝ ነበር።

የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ተነሣ። ቀጭን፣ ሲናገር መነጽሩን የሚነካካ ሰው ነው።

«ከላይ የሚመጣው ገንዘብ ተቆርጧል» አለ። «እኛም መቁረጥ አለብን። የሐፊሩ ሠራተኞች ይሰናበቱ፣ ሞተሩን ነጋዴ ይያዘው።»

የሻይ ሰሐኑን እንደያዝሁ ከመካከላቸው ቆምሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

«ነጋዴው ውኃውን ለማን ነው የሚሸጠው?» አለ ዑስታዝ ከተቀመጠበት።

«ለሕዝቡ ነዋ።»

«እኛ ሥራ ላስፈታነው ሕዝብ?»

ሳቅ ሆነ። ልቤ ትንሽ ተመለሰ። አሁን ይነጋገሩበታል ብዬ ጆሮዬን አቆምሁ። የመጅሊሱ ረኢስ፣ ሰብሳቢው ማለት ነው፣ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ሻዩን እፍ እያለ የሚጠጣ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት የአባላት መኪኖች የጎማ ጉዳይ አለ» አለ።

ምነው ሸዋ! ቀኑን ሙሉ ጎማ። የእገሌ መኪና ጎማ ተበልቷል፣ የእገሌ መኪና ገጠር ስለሚሄድ ወፍራም ጎማ ይገባዋል፣ የለም ለሁሉም እኩል ይሁን። ከጎማው ወደ አዳራሹ ማራገቢያ ሄዱ። አንዱ ሙቀት አላናገረኝም አለ፣ አንዱ ንፋሱ ወረቀቴን በተነብኝ አለ። አስር ሰው ሥራ ይፈታል ወይስ አይፈታም የሚለው ነገር እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ተቀምጧል። እኔ እየተመላለስሁ እቀዳለሁ፤ የምቀዳበት ውኃ ታከለ በማለዳ የገፋው ነው። እነሱ ይህን አያውቁም። ቢያውቁም ኖሮ ጎማውን አይተዉትም ነበር። ወደ ማታ «ነገ እንቀጥላለን» ብለው ተበተኑ።

ከቤት ስደርስ ታከለና አያ ፈንታ በራፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«እህ፣ ምን ተባለ?» አለ ታከለ።

«ጎማ ተባለ።»

«በሞቴ ቀልዱን ተይው።»

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው። አያ ፈንታ በበትራቸው መሬቱን እየጫሩ ሰሙኝ።

«አንድ የሚከራከርልን ሰው አለ ነው የምትይው?» አሉኝ።

«አለ፤ ዑስታዝ። ሌሎቹም ወደ እሱ የሚያዘነብሉ ይመስለኛል። ዝም ብለን እንቆይ፣ አያ።»

«ዝም ብሎ ምሕረት ያገኘ ማን አለ? ሄደን እንለምን እንጂ! ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።»

«እርስዎ አዳራሹን አላዩትም። ነገ ይወስናሉ፣ አንድ ቀን ነው።»

ታከለ እጄን ያዝ አድርጎ «እሺ፣ እንቆያለን» አለኝ። አምኜው ተኛሁ።

በማግሥቱ ዑስታዝ ባቢክር ገና ስብሰባው ሲከፈት ተነሣ። እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ነው የሚመስለው።

«ልጆቼ» አላቸው፤ ሽበት ያላቸውን ሰዎች «ልጆቼ» አላቸው። «ከእናንተ መካከል ሐፊሩ ውስጥ ገብቶ ደለል የጠረገ አለ? ልጁን ልኮ የሚያስጠርግስ? እነዚህ ሰዎች ከሄዱ ነጋዴው ሞተሩን ያስነሣዋል፣ ጭቃውን ግን ማን ይገባበታል? ስንብቱ እስከ በጋው መጨረሻ ይዘግይ። የመኪኖቹን ነዳጅ ለአንድ ዓመት ብንቀንስ እነዚህን ሰዎች ያኖራቸዋል።»

«መኪኖቹን?» አለ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ፣ እናቱን የሰደቡበት ይመስል።

«መኪኖቹን።»

ጫጫታ ሆነ። ግን እውነት እላችኋለሁ፣ ጫጫታው እንደ ትናንቱ አልነበረም። አንዱ የገጠር ተወካይ «ውኃ የነጋዴ ሲሆን እኛ ቀበሌ ያየነውን እኔ ነኝ የማውቀው» ብሎ ከዑስታዝ ጋር ቆመ። ሌላው ተከተለው። ረኢሱ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያውቅ ሰው ነው፤ «መልካም፣ ከሶላት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን» አለ። ለሶላት ሲወጡ ዑስታዝ በአጠገቤ አለፈና ቀስ ብሎ «በርቺ ልጄ፣ አልፏል» አለኝ። ባሌ እዚያ እንደሚሠራ ያውቅ ነበራ! ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ብርጭቆ ሳጥብ እያንጎራጎርሁ ነበር።

ከሶላት ተመልሰው ተቀመጡ። ረኢሱ አፉን ሊከፍት ሲል ከውጭ ጩኸት ተሰማ።

«ሒጃራ! ሒጃራ ይዘዋል!» ይላል ዘበኛው። ድንጋይ፣ ድንጋይ ይዘዋል ማለቱ ነው።

አዳራሹ ተተራመሰ። አንዱ ከጠረጴዛ ሥር ገባ፣ አንዱ መስኮቱን ሊዘጋ ሮጦ ጀላቢያው ጠለፈው። እኔ ሰሐኑን እንደያዝሁ በመስኮቱ አየሁ። ያየሁትን ነገር ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አያ ፈንታ ከፊት ናቸው። ከኋላቸው ማታ እንቆያለን ያለኝ ታከለ፣ ከእሱ ኋላ የሐፊሩ ሠራተኞች በሙሉ። ጫማቸውን አውልቀዋል። እያንዳንዳቸው በጫንቃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ከበሩ ፊት ለፊት ተንበርክከዋል። እስላሞቹም እንደዚያው ናቸው፤ አንድ አገር ያደገ አንድ ወግ ነው የሚያውቀው።

እኛ አገር ድንጋይ በጫንቃ መሸከም ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ተንበርክኮ «ስለ እግዚአብሔር» ካለ ልብ ይራራለታል። ከዚያ በላይ ራስን ዝቅ ማድረግ የለም። የተለመነው ሰው «አውርድ» እስኪል ድረስ ደግሞ ድንጋዩ አይወርድም፤ ራሱ ያወረደ ልመናውን አፈረሰ ማለት ነው። እነ ታከለ ያላቸውን ትልቁን ነገር፣ ክብራቸውን ይዘው ነበር የመጡት። ሱዳኖቹ ግን ይህን ከየት ያውቁታል? በዚያ ሰሞን ለእነሱ ድንጋይ የያዘ ሰው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው።

ሰሐኑን ጥዬ ሮጥሁ። በሩ ላይ ፖሊሶቹ ዱላቸውን ይዘው ከበዋቸዋል።

«ድንጋዩን ጣሉ!» ይላል አዛዡ በዐረብኛ።

«ምን ይላል?» አሉ አያ ፈንታ።

«ጣሉ ነው የሚለው፣ አያ! ጣሉት! ስለ ማርያም ጣሉት!» አልሁ።

«እሱ ማነው? ዘበኛ አይደለም እንዴ! አለቃው ወጥቶ አውርዱ ይበለን። ማንም እንዳያወርድ!»

«ታከለ! አንተ ጣለው!»

ታከለ ቀና ብሎ አየኝ። ላቡ በቅንድቡ ይወርዳል። «ካወረድሁት እኮ ምኑን ለመንሁ?» አለኝ። ተናድጄ መሬቱን ረገጥሁ። ልክ ነው፣ በእኛ ወግ ልክ ነው! እኔ ግን በሁለቱ ቋንቋ መካከል ቆሜ ሁለቱም ልክ የሆነበትን ነገር ማስታረቅ አቃተኝ።

ወደ አዛዡ ዞርሁ። «ልመና ነው! በአገራችን ልመና ነው!» አልሁት።

«በድንጋይ የሚለመነው በየት አገር ነው? ዞር በይ!»

ወደ አዳራሹ ተመለስሁ። ማንንም ሳላይ ቀጥ ብዬ ዑስታዝ ባቢክር ዘንድ ሄድሁ።

«ዑስታዝ፣ አፈር ስሆን፣ ሰዎቹ ሊጣሉ አልመጡም። የአገራችን ወግ ነው፣ ምሕረት ሲለምኑ ድንጋይ ይሸከማሉ። አንድ ትልቅ ሰው ወጥቶ አውርዱ ካላቸው ያወርዳሉ። ይውጡና አንድ ቃል ብቻ ይበሏቸው። አንድ ቃል!»

ዑስታዝ አየኝ። እንደ ገባው ከዓይኑ አይቻለሁ። ሊነሣ ወንበሩን ገፋ አደረገ።

የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ከጠረጴዛው ማዶ መነጽሩን እያስተካከለ «ዑስታዝ፣ ድንጋይ ከያዙት ጋር ወጥተህ ልትቆም ነው?» አለ። «ጠዋት የተከራከርህላቸው፣ ከሰዓት ድንጋይ ይዘው መጡ። ማን ጠራቸው ተብሎ እንዳይጠየቅ።»

ያን ጠዋት ከዑስታዝ ጋር የቆመው የገጠር ተወካይ ጣራውን ያያል። ዑስታዝ እጁን ከወንበሩ አነሣ፣ ተቀመጠ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚሉት ለካ እንዲህ ነው።

«በድንጋይ የምንሸነፍ አይደለንም» አለ ረኢሱ፤ አሁንማ ጀግና ሆኗል። «ይሰናበቱ የምትሉ እጅ አውጡ።»

እጆቹ ወጡ። ለጎማ ቀኑን ሙሉ የተከራከሩ ሰዎች አስሩን ሰው ለማባረር ሻይ እስኪቀዳ ያህል እንኳ አልፈጀባቸውም። በመጨረሻ የዑስታዝም እጅ ወጣ። ቀስ ብሎ፣ እስከ ትከሻው ድረስ ብቻ፤ ግን ወጣ። እኔ እዚያው ፊቱ ቆሜ ነበር።

ስወጣ ዱላው ወርዷል። አያ ፈንታ በጎናቸው ወድቀዋል፤ ድንጋያቸው ከአጠገባቸው። ታከለን ሁለት ፖሊሶች ወደ መኪና ይጎትቱታል። ትከሻውን መትተውት ድንጋዩ የወረደው በዱላ ነበር እንጂ በእጁ አላወረደውም። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ድንጋይ አልተወረወረም። አንድም!

በነጋታው ጣቢያ ሄድሁ። የጣቢያው ሹም ድንጋዮቹን ከጠረጴዛው ሥር ደርድሯቸዋል፤ ማስረጃ ናቸው። የወግ ነገር ነው ብዬ ስነግረው አላመነኝም።

«እስኪ አሳዪኝ» አለ።

«ምኑን?»

«እንዴት እንደምትለምኑ።»

ምን ላድርግ? ከሁሉም የታከለን ድንጋይ አውቀዋለሁ፤ የቤታችን በር እንዳይዘጋ የምናስደግፈው ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው። አንሥቼ በጫንቃዬ ላይ አደረግሁት፣ ተንበረከክሁ፣ አንገቴን ደፋሁ። እዚያ የነበሩት ፖሊሶች መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ተዉ። ድንጋዩ አንገት ላይ ሲያርፍ ከተሸከመው ሰው ዘንድ ቅንጣት ታህል ክፋት እንደሌለ ማንም ያያል።

«አሁን ምን ልበል?» አለኝ ሹሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውርጂ ይበሉኝ።»

«አውርጂ» አለ። አወረድሁ። ለባዕድ ሰው አንድ ጊዜ ማሳየት ይህን ያህል ቀላል ነበር ማለት ነው! ያን ዕለት ሁሉንም ፈታቸው፣ «ድንጋያችሁንም ውሰዱ» አለ። ካርዶቹን ግን አልመለሰም፤ ሠራተኛ አይደሉማ። ውሳኔው አልቋል፣ እጅ ወጥቶበታል።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ታከለ ያለ ካርድ ሁለት ሦስት ጊዜ ከገበያ ታፈሰ፣ ለምኜ አስወጣሁት። በመጨረሻ «እንደ ሌባ ከመደበቅ አገሬ ገብቼ የሰው ሰሊጥ ባጭድ ይሻለኛል» ብሎ ወደ መተማ ተሻገረ። ልጃችን ትምህርቷ በዐረብኛ ነው፣ ሻዩም እዚህ ነው፤ እኔ ቀረሁ። ያንን ድንጋይ የኒሙ ዛፍ ሥር አምጥቼ የሸራዬን ጫፍ እንዲይዝልኝ አደረግሁት። አያ ፈንታ ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙም አይናገሩም። ነጋዴው ሞተሩን ያዘ፤ ልክ ዑስታዝ እንዳለው ወደ ጭቃው የሚገባ ጠፍቶ በጋው ሳያልቅ የመጅሊሱ ቧንቧ ደረቀ። አሁን እነሱም እንደ እኔ ከአህያ ጋሪ ውኃ ይገዛሉ። ደስ አይለኝም፤ ሻዬን አስወደደብኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በሰው አገር ያላችሁ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ስትለምኑ፣ የምትለምኑት ሰው የእናንተን ልመና ያውቀው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቅንነት ብቻውን አስተርጓሚ አይሆንም። እኔ ዛሬ ሐበሻ ቢሮ ሊገባ ሲል «ቆይ፣ ምን ልትል ነው? ምን ይዘህ ነው?» እላለሁ፤ ነገረኛ ይሉኛል፣ ይበሉኝ። ደግሞ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁት፦ አንድ ቃል ብቻ ስትጠየቁ ቃሏን አትንፈጉ። እጅ ማውጣትስ ማንም ያወጣል።

ዑስታዝ ባቢክር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዬን ተወ። በማዶ መንገድ ነበር የሚያልፈው። ባለፈው ዓርብ ከሶላት በኋላ ግን መጣ። በጣም አርጅቷል። ሻይ አልጠየቀም።

«ድንጋዩ ይኸ ነው?» አለኝ ሸራውን እያየ።

«እሱ ነው።»

«እንዴት እንደምትሸከሙት ከጣቢያው ሹም ሰማሁ። ታከለ አለ?»

«የለም፤ ተሻግሯል።»

ጥምጣሙን ፈታና ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጠ። እንዳልከለክለው ፈጠነብኝ። ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ሸራዬን ነፋስ እየገለበው፣ በጫንቃው ላይ አደረገና ተንበረከከ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁ። የመጅሊሱ ዘበኛ በሩ ላይ አፉን ከፍቶ ቆመ። ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

«ኧረ ዑስታዝ! ይነሡ፣ ሰው እያየ ነው!»

«ያን ቀንም ሰው ያይ ነበር። አውርድ በዪኝ።»

ልለው ነበር። እውነቴን ነው፣ ሽማግሌ ሰው ነው ፊቴ የተንበረከከው። ግን የእኔ አይደለም። «አልችልም፣ ዑስታዝ» አልሁት። «እኔ የተበደልሁ አይደለሁም አልልዎትም፤ ድንጋዩ ግን የታከለ ነው። አውርድ የሚለው እሱ ነው።»

«ደውይለት።»

ደወልሁ። አይነሣም። ደግሜ ደወልሁ፣ ኔትዎርክ የለም አለኝ። ስልኩን ወደ ላይ ይዤ በዛፉ ዙሪያ እንደ እብድ ዞርሁ። ዑስታዝ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። በመጨረሻ ታከለ ስልኩን አነሣ።

«ሃሎ፣ በላይነሽ? ምን ሆንሽ?»

«ዑስታዝ ባቢክር መጥቷል።»

«ማን?»

«ዑስታዝ። እጁን ያወጣው። ድንጋይ ተሸክሞ ፊቴ ተንበርክኳል። አውርድ በለኝ ይልሃል።»

ከሩቅ የሚያጭዱ ሰዎች ዘፈን ይሰማኛል።

«የእኔን ድንጋይ ነው?»

«የአንተን።»

«ይከብዳል፣ አይደል?»

«ላቡ በቅንድቡ ይወርዳል።»

ሊዘጋው ነው ብዬ ስፈራ ተነፈሰ።

«አውርድ እለዋለሁ፣ እንደዚያ በይው» አለኝ። «ግን አሁን አይደለም። ትንሽ ተሸክሞት ይቆይ።»

ዑስታዝ ቀና ሳይል «ምን አለ?» አለኝ። እንዳለው አድርጌ ነገርሁት።

«ሐቁ ነው፣ ይገባዋል» አለና ቆየ።